በጊታሯ አፍ ውስጥ

ባለሱቁ ቀልድ አያውቅም። ወሩ ሲያልቅ ስፓኒሽ የሚናገሩ የሙዚቃ አስተማሪዎች ከሱቁ የሙዚቃ መሣሪያ ሊገዙ ይመጣሉ። ሻጯ እስከዚያ የጊታርን ክፍሎች ስም በቋንቋቸው፣ ሃያ ቃል እንኳ፣ ካላወቀች በሩ ክፍት ነው አላት። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። እሺ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አላት?

የሚያስተምራት ሰው ግን በእግሩ መጣላት። አንድ ደንበኛ ከባንኮኒው በላይ የምትሰቀለውን አሮጌ ጊታር ሲሞክር፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ዓይነ ስውር በመንገድ ያልፍ ነበር። የክሮቹን ድምፅ ሰምቶ ድንገት ቆመ። በዱላው እየመታ ገባ። ችግሯን ስታጫውተው ድሮ መርከብ ላይ ከስፓኒሾች ጋር ይጫወት እንደነበር ነገራትና በነጻ ላስተምርሽ አለ። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ትምህርቱ በዚያችው ጊታር ይሁን።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ከች ነው። ጊታሯን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በጣቱ እየዳሰሰ ይጠራል፣ እሷ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ክሩ ኩዌርዳ። አንገቷ ማስቲል። የክሩ ማጥበቂያ ክላቪሃ። ሦስተኛዋ ማጥበቂያ ጋ ሲደርስ ጣቱ ሁልጊዜ ቆም ይላል። እሷ ብቻ ከአጥንት የተሠራች ናት።

ባለሱቁ ከሩቅ ሆኖ ይከታተላቸው ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ያያል» አላት። «ሃያ ጊታር ካለበት ቤት ያባቴን ውርስ እንዴት ለየ?»

ሻጯ ደብተሯን ዘጋች። አባቱን ታውቃቸዋለች፤ ነፍሳቸውን ይማርና ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ፉጨት እንኳ ያስቆጣቸው ነበር። ግን አሠሪን ማን ውሸታም ይላል?

በማግስቱ ባለሱቁ መተላለፊያው ላይ በርጩማ ደነቀረ። ሰውየው ደርሶ፣ ዞሮ አለፈ። ዱላው ቀድሞ ነክቶት እንደሆነ ሻጯ አላየችም። ባለሱቁ ግን አየሽ አይደል በሚል ዓይን አፈጠጠባት። ጊታሯ ከጠፋች አንቺም አብረሽ ነው፣ ልጆችሽን ይዘሽ የት እንደምትገቢ አስቢበት አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን ትታ ጣቱን ትከታተል ገባች። ፈራችው። መልካም ሰው መሆኑ ደግሞ ይብስ አስፈራት።

ሐሙስ ዕለት የድምፅ ቀዳዳው ቦካ ይባላል፣ አፍ ማለት ነው አላትና ጣቷን ይዞ ወደ ውስጥ ከተተው። ከእንጨቱ ሥር የሙጫ ጠብታ የመሰሉ ጥቃቅን ጉብታዎች ነኳት፣ ልክ እንደ ቆዳ ሽፍታ። እነዚህስ ምን ይባላሉ አለችው። እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ አለ።

ቅዳሜ ሃያኛዋን ቃል ያዘች። ሰውየው ጊታሯን እንደታቀፈ ተነሳና፣ ትንሽ አየር ልውሰድ ብሎ ወደ በሩ አመራ። ባለሱቁ የሚጠብቀው ይህችን ነበር። ዘሎ በሩ ላይ ተገተረና ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ፖሊስ ጠራ።

ፖሊሱ መጀመሪያ የሰውየውን መነጽር አወለቀ። ከሥሩ ነጭ ብቻ ነበር። ከዚያ ጊታሯ የማን እንደሆነች ጠየቀ።

«የኔ» አሉ ሁለቱም እኩል።

ባለሱቁ ወደ ሻጯ ዞረ። ያባቴ ውርስ መሆኗን እሷም ታውቃለች፣ ትመስክር አለ። ፖሊሱ ጠበቃት። ልጆቿ ፊቷ ላይ ድቅን አሉ፣ ትንሿ በተለይ። ደብተሯን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ የፖሊሱን እጅ ያዘችና ጣቱን በጊታሯ አፍ ከተተችው። ጉብታዎቹን ሲነካ ፊቱ ተቀየረ።

«ጋሼ» አለች ወደ ሰውየው ዞራ፣ «የመጨረሻዋን ቃል አልነገሩኝም።»

«እሷ እንኳ ስፓኒሽ አይደለችም፣ ልጄ» አለ። «ጊታሬ ከመሰረቋ በፊት በብሬል የጻፍኳት ስሜ ናት።»