የአሥራ አራት ሺህ ዶላር ጀልባ

ነገሩ የአሥራ አራት ሺህ ዶላር ነገር ነበር። ገንዘቡ የኡራኤል ነው፤ ለቤት ቅድመ ክፍያ ብሎ በአራት ዓመት ያጠራቀመው።

ኡራኤል ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። አትላንታ አድጎ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ አንድ የጌም ኩባንያ ውስጥ ብርሃንና ጥላ ይሠራል። መሥሪያ ቤቱ ያለው ኢንጅን፣ ማለትም ጌም የሚገነባበት ፕሮግራም፣ የአንዲት ጠብታ ውሃ ነጸብራቅ ሳይቀር ያሳያል። ከዚያ ያነሰው ለእሱ ጌም አይባልም።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። አትላንታ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ በሚባል ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆቴል እንግዳ በቫን አመላልሰዋል። አሁን ዶራቪል፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ ገንዘብ የሚላክበት ሱቅ አላቸው። ሱቁ ውስጥ ስድስት ወንበሮች አሉ። ከወንበሮቹ አጠገብ ግድግዳው ላይ ታብሌት ተሰቅሏል፤ ታብሌቱ ላይ አንድ ጌም አለ።

አንድ ቅዳሜ ኡራኤል ለአክስቱ ገንዘብ ሊልክ መጣ። ተራው እስኪደርስ ታብሌቱን ነካካ። «የተናኘ ጀልባ» ይላል። ጀልባው ጭጋግ በሸፈነው ሐይቅ ላይ ሰው ያሻግራል። ተሳፋሪ በተጨመረ ቁጥር የፋኖሱ ብርሃን ይደክማል። ፋኖሱ ሳይጠፋ ማዶ መድረስ ነው፤ በቃ።

«ይሄ ያንቺ ነው?» አላቸው። እርስዎ ማለት አልለመደም።

«እዚህ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ የኔ ነው።»

በምን ኢንጅን እንደሆነ ጠየቃቸው። ስሙን ነገሩት። ጀማሪዎች የሚለማመዱበት፣ ኮድ ሳይጻፍ ሥዕሉን በጣት እየጎተቱ የሚሠሩበት ነው።

«ሲሪየስሊ? እሱ እኮ የሕፃን መጫወቻ ነው። ላይክ፣ ከስምንት መብራት በላይ አይችልም። ሰዎቹን እያቸው፤ ጥላ የላቸውም። ጋኔን ነው የሚመስሉት።»

«ከኢንጅኑ ጋር የመጣ ነው» አሉ፣ ብር እየቆጠሩ።

«ውሃውስ? ቆርቆሮ እኮ ነው።»

«እሱም ከኢንጅኑ ጋር የመጣ ነው።»

«ጭጋጉ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሩቅ ያለውን መሳል ስለማይችል ነው። መደበቂያ ነው።»

«ጭጋጉም አብሮ የመጣ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ምን ሠራሽ?»

«ስም አወጣሁለት።»

ተራ የሚጠብቁት አራት ሰዎች ሳቁ። ኡራኤል ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ሆኖም በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ፤ በሦስተኛውም። ላኪም ሳይሆን ወንበር ይዞ ተቀመጠ። አርባ አንድ ሰው ታብሌቱን ሲነካ ቆጠረ። ሠላሳ ሦስቱ ደግመው ተጫወቱ። ሁለት ሰዎች ተራቸው ተጠርቶ እስኪያልፍ አልሰሙም። ሚካኤላ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ከእናቷ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ፣ ማንም ሳያሳያት አሥራ ሁለት ደረጃ አለፈች። ኡራኤል ይህን ስልኩ ላይ ጻፈው፦ «ማስረዳት አያስፈልገውም»።

ሐሳቡ ወርቅ ነው፤ ልብሱ ጨርቅ ነው። አሮጊቷ ምን እንደያዘች አታውቅም። እውነተኛ ውሃና እውነተኛ ጥላ ቢሰጠው፣ አንዱ በአራት ዶላር መቶ ሺህ ቅጂ ቢሸጥ፣ ታክስና ኮሚሽን ተቀንሶ ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ዶላር ይቀራል። እንዲህ ብሎ አሰላ።

«ጌሙን ሽጪልኝ፤ ራይቱን፣ መብቱን በሙሉ» አላቸው። «ሁለት ሺህ እከፍላለሁ። ለቆሻሻ ብዙ ነው።»

«ቆሻሻ ከሆነ ምን ያደርግልሃል?»

«አሳዝኖኝ ነው። ላስተካክለው።»

«ለምን ያንን ኢንጅን ራስህ ከፍተህ አታየውም?»

«እኔ? እሱን ኮምፒውተሬ ላይ አላስገባም። የሥራ ጓደኞቼ ቢያዩኝ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚስቁብኝ።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቤት ልትገዛ ታጠራቅማለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ስንት ደረሰልህ?»

«አሥራ አራት ሺህ።»

«እንግዲያው አሥራ አራት ሺህ ነው።»

ኡራኤል ተቆጥቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ሆኖ ቀነሰው፤ ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት ሺህ ይተርፋል። ማክሰኞ ራሱ የጻፈውን ሦስት ገጽ ውል ይዞ መጣ። ለጠበቃ የሚወጣውን ስድስት መቶ ዶላርም አተረፈ።

የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጌሙ ገበያ ሲወጣለት ሴትዮዋ እያለቀሰች መልስልኝ እንዳትለው። ስለዚህ ሰባተኛውን አንቀጽ ጠበቅ አድርጎ ጻፈው፦ ጌሙ እንዳለ ይሸጣል፤ ከፊርማ በኋላ ሻጭ ጌሙን፣ ገዢም ገንዘቡን መልሶ መጠየቅ አይችልም።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ለሃያ አምስት ደቂቃ አነበቡ። ሰባተኛው ላይ ቆሙ።

«ይቺ ትቅር ልጄ። ለአንተም አትበጅህም።»

ኡራኤል ፈገግ አለ። የፈራው ይህን ነበር።

«ያለ እሷ አልፈርምም።»

«እንዳልክ።»

ፈረሙ። የሰጣቸውን ቼክ በብርሃን አይተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ኡራኤል አዘነላቸው። ያን ያህል ሀብት ከእጃቸው ሲወጣ ፊታቸው ላይ ምንም ጥላ አልነበረም፤ እንደ ጌማቸው ሰዎች።

እሑድ ከቸርች መልስ ሥራ ጀመረ። የገዛውን ፋይል ለመክፈት የግድ ያ ኢንጅን ያስፈልጋል። አፍንጫውን ይዞ ጫነው። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። የመጀመሪያው ገጽ ተከፈተና ለጀማሪዎች ከተዘጋጁት አሥር ምሳሌዎች አንዱን እንዲመርጥ ጠየቀው።

በሦስተኛው ላይ ጀልባ፣ ፋኖስና ጭጋግ የሸፈነው ሐይቅ ነበሩ፤ ከሥሩም «ማንም እንደ ራሱ ንብረት ይጠቀምበት፤ ዋጋ፦ ዜሮ ዶላር» ይላል።