የማን ነው?

ሀጂ ቶርሳም ማኘካቸውን ያቆማሉ። ምላሳቸውን ጉንጫቸው ውስጥ ያዞሩና ጣታቸውን ሰደው አንዲት የጥይት ፍሬ ያወጣሉ። ከጎመን ዘር ትንሽ ትበልጣለች። መሀላችን ወዳለችው የነሐስ ሳህን ሲጥሏት ሳህኗ ቀጭን ድምፅ ትሰጣለች።

«የማን ነው?» ይላሉ፣ እንደ ደንቡ።

«የእኔ ነው» ይላል ሳርቡላንድ ካን። ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

«ዓይንህን አይንሳህ» ይላሉ ሀጂ። ሌሎቻችንም በየአቅማችን እንመርቃለን።

በእኛ ሸለቆ ቆቅ የሚበላው እንዲህ ነው። ጥርሱ ፍሬ ያገኘበት ሰው ሳህኑ ላይ ጥሎ ይጠይቃል፤ ቆቋን የመታት ይመልሳል፤ የበላ ይመርቃል። የማን ፍሬ እንደሆነች ለማወቅ አይቸግርም። የድሃው ጥይት ፍሬ ግራጫ እርሳስ ነው። የካን ግን መዳብ የተለበጠ ስለሆነ ይቀላል። ቀይ ፍሬ ሳህኗን በነካ ቁጥር የካን አፍ ከዓይኑ ይቀድማል። የብርዱን ወራት ሙሉ በየግብዣው እየተቀመጥኩ ያጠናሁት ይህንን ነው።

ወንድሜ ሻምሮዝ በቀኜ ተቀምጧል። ግራ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። በመኸር ቆቆቹን ከተረተሩ ወደ ተኳሾቹ ሲያባርር አንዲት ፍሬ ገባችበት። ካን ወደ ሰማይ እንጂ ዝቅ አድርጎ እንዳልተኮሰ ማለ። ዝቅ ያደረገው ጃንዳድ ነው አለ። ጃንዳድ ግንበኛ ነው፤ ያለችው አንዲት አሮጌ ጠመንጃ ናት። «እኔ አይደለሁም» ብሏል። በካን መሐላ ፊት የግንበኛ ቃል ምን ያህል ይመዝናል?

አሁን ጃንዳድ በሩ ጋ፣ ከጫማዎቻችን አጠገብ ተቀምጧል። ምግብ አልቀረበለትም። ማዕዱ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ልጆቹን ይዞ ከመንደር እንዲወጣ ይፈርዱበታል።

ፔሻዋር ያለው ሐኪም ፍሬዋን አውጥቶ በጥጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ደሙን ጠረግኩት። ከጠረግኩትም በኋላ ቀይ ነበረች። አብረውን የሄዱት ሀጂ ቶርሳም እዚያው ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዘው፣ «አየሁ፣ ልጄ። ግን ካን፣ ጃንዳድ ከጥይት ቀበቶዬ ሰርቆ ነው ቢልስ? ፍሬ አታምጣልኝ፣ አፍ አምጣልኝ» አሉኝ።

እናቴ ግን አፍ አልጠየቀችም። የአባቴን ጠመንጃ ከግድግዳው አውርዳ አልጋዬ ላይ አጋደመችልኝ። መልሼ ሰቀልኩት። ካንን መግደል ቀላል ነበር። እሱ ቢሞት ግን ውሸቱ ሳይሞት ይቀራል፤ ሬሳ ደግሞ አይዋሽም፣ አያምንምም። እኔ የምፈልገው በሕይወቱ ሳለ፣ በቤቱ፣ በገዛ እንጀራው ላይ ጥፋቱን እንዲያምን ነው።

«ጃንዳድ እኮ ቆቅ ሲተኩስ ቆቋ ቆማ ታየዋለች» ይላል ካን፣ ክንፍ እየገነጠለ። «ሰው ሲያይ ነው እጁ የሚቀናው።» ሁለት ሦስት ሰዎች ይስቃሉ። ጃንዳድ ጫማዎቹን ያያል። ካን ወደ ወንድሜ ይዞራል። «ብላ እንጂ፣ የእኔ አንበሳ። ለቆቅ አንድ ዓይን ይበቃል።»

ሻምሮዝ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ያስቀምጠዋል።

እኔ ከጭኑ ሥጋ ቆርሼ እጎርሳለሁ። ፍሬዋ ምላሴ ሥር ናት። እጃችንን ስንታጠብ ነው ከጥጡ አውጥቼ አፌ ውስጥ ያኖርኳት። ቀስ ብዬ አኝካለሁ። እውጣለሁ። ከዚያ በሁለት ጣቴ አውጥቼ ሳህኗ ላይ እጥላታለሁ።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ዛሬስ ሁሉንም የገደልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ» ይላል ካን፣ አጥንቱን እየጋጠ።

«አይተው ይበሉ እንጂ፣ ካን።»

ይህ ከደንቡ ውጭ ነው። ማኘኩን ትቶ ያየኛል። ፍሬዋን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይይዛታል፤ ሁሉም ያያታል።

«ምኗን ነው የማየው? በዚህ ሸለቆ ከእኔ ሌላ ቀይ የሚተኩስ ማን አለ? ለማንም አልሰጠሁ፣ ማንም አልወሰደብኝ። የእኔ ናት አልኩህ።»

ሰዉ ሊመርቅ አፉን ሲከፍት እቀድመዋለሁ።

«ዓይንዎን አይንሳዎት» እላለሁ። «ይቺ ከቆቅ አልወጣችም። ከሻምሮዝ ዓይን የወጣችው ናት።»

ካን ወደ ሀጂ ቶርሳም ይዞራል፣ ሳቅ እንዲጀምሩለት እንደሚጠብቅ ሰው።

«ሐኪሙ ሲያወጣት የልጁን እጅ ይዤ ነበር» ይላሉ ሀጂ።

የቆረሱትን ዳቦ ወደ ሙሉው አስጠግተው፣ ያልተቆረሰ ይመስል ገጥመው ያስቀምጡታል። ቀጥሎ ያለው ሰው እጁን ከሩዙ ትሪ ያወጣል። ከዚያ ሌላው። ሁሉም እጃቸውን ሲሰበስቡ በሩዙ ላይ የቀረው የካን እጅ ብቻ ነው። ሀጂ ወደ በሩ ዞረው ጃንዳድን በስሙ ይጠሩታል፤ ከጎናቸው ፈቀቅ ብለው ቦታ ይለቁለታል።

ፍሬዋ ከካን ጣት አምልጣ ሳህኗ ውስጥ ትወድቃለች፤ ከሌሎቹ ጋር ትንሽ ተንከባላ ትቆማለች።

ጥጡ ኪሴ ውስጥ ነው። መልሼ ልጠቀልላት እጄን እሰዳለሁ። ሻምሮዝ ደኅናውን ዓይኑን ለማቅረብ አንገቱን ሙሉ ያዞርና ሳህኗ ላይ ያጎነብሳል።

«የትኛዋ ናት?» ይለኛል በቀስታ።

ጣቴ ሳህኗ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ሁሉም ቀይ ናቸው።