ከግድግዳው ማዶ

ዱሬሳ የካፕሱሉን ግማሽ ዱቄት በውሃ አወራርዶ ገና ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ መብራት ጠፋ። ሲጮህ የነበረው ሬዲዮ ጸጥ አለ።

የተረፈውን ግማሽ በመዳፉ ይዞ ደነገጠ። ትራማዶሉ፣ ድካምና ሕመም ለመርሳት የሚውጠው ማስታገሻ፣ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ሻጮቹ ምን እንደሚቀላቅሉበት የሚያውቅ የለም። አብሮት ወርቅ ይቆፍር የነበረው ጓደኛው ሙሉውን ውጦ እንደተኛ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዱሬሳ መጀመሪያ ግማሹን ብቻ ይቀምሳል፣ በሩን ሳይቀረቅር ይተወዋል፣ ሬዲዮውንም እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ጎረቤቱ እትዬ ጸሐይነሽ ጩኸት አይወዱም። ግድግዳውን እየደበደቡ ይቆጣሉ፤ ካልቀነሰው ደግሞ በሩን ገፍተው ይገባሉ። በአሶሳ ከተማ በሩን የሚገፋለት ሌላ ሰው አልነበረውም።

ሊነሳ ሞክሮ ተመልሶ ወደቀ። የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ ተጫነው፣ ዐይኑ ከበደው። ሊጣራ አፉን ከፈተና አፈረ። ምን ብሎ ይጠራቸዋል? አንድ ቀን እንኳ ደህና ዋሉ ብሏቸው አያውቅም። ዐይኑ ተከደነ።

እርጥብ እጅ ጉንጩን በጥፊ ሲለው ነቃ። እትዬ ጸሐይነሽ ከነሳሙና አረፋቸው አጠገቡ ተንበርክከው ነበር።

"አንተ! ንቃ! ኧረ ተንፍስ፣ ልጄ!"

"ሬዲዮው እኮ... አልጮኸም" አለ ምላሱ እየተሳሰረ። "በምን አወቁ?"

"መብራቱ ሲጠፋ ግድግዳውን ደበደብኩ፣ አልመለስክልኝም" አሉ። "ሁልጊዜስ የምደበድበው ለምን መሰለህ? ስትቀንሰው ሰምቼ፣ በሕይወት አለ ብዬ ልረፍ ነው እንጂ።"