የኩርፊያ ምሳ

የውብዳር ዛሬ ማኩረፍ አምሯት ነበር። ባሏ ልሳነወርቅ ትናንት የእህቷን አርባ ረስቶ ኳስ ሲያይ ውሏል። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል? ግን ማኩረፍ የሚቻላት አይደለም። ሐኪሟ "ልብሽን የጎዳው የትዳር ጭንቀት ነው" ብላ አንገቷ ሥር ያስተከለችላት ማረጋጊያ መሣሪያ፣ ንዴት ገና ብልጭ ሲል ታጠፋዋለች። ስትናደድ ቀይ፣ ስትረጋጋ አረንጓዴ ታበራለች። እውነት ለመናገር፣ ከተተከለችላት ወዲህ ደረቷን ውግት አድርጓት አያውቅም።

ድሮ ስታኮርፍ እህል አትቀምስም ነበር። ልሳነወርቅ ደግሞ ይህን አይችልም። "አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያለ ይለማመጣታል። አንዳንዴ ንዴቷ ካለፈላት በኋላ እንኳ ዝም ብላ ታስለምነው ነበር።

"ንዴቱ ቢጠፋ መልኩ አይጠፋኝም" አለች በልቧ። ከምሳው ትሪ ራቅ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"አትበዪም እንዴ?" አላት።

"ይቅርብኝ።"

ልሳነወርቅ ማኘኩን አቆመ። እጁን ወደ ትሪው ሰደደ፣ ከወጡ መሀል ሥጋውን መርጦ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ እሷ ዘረጋ። የውብዳር አልዞረችም። "በሞቴ" እስኪላት ትጠብቃለች።

እሱ ግን ፊቷን አላየም። ያየው አንገቷ ሥር ያለችውን መብራት ነው። አረንጓዴ ናት።

"እኔ ደግሞ የከፋሽ መስሎኝ!" ብሎ ሳቀና ጉርሻውን ራሱ ጎረሰው።