የሜጀሩ ሦስት ነጥብ

ከሺህ ያርድ ማዶ፣ በቢዝሊ የተኩስ ውድድር ሜዳ ጫፍ፣ ዒላማው ምልክት ሊደረግበት ከወረደበት ጉድጓድ ብቅ ሲል ሁለት ጥይት አርፎበት ነበር፤ አንዱ መሃሉ ላይ፣ ሌላው ጠርዙ ላይ። ኢሞጀን የተኮሰችው ግን አንድ ብቻ ነው። የነፋሱን መዞር ዘግይታ ስላየች፣ ጠርዙን የመታው የእርሷ መሆኑን አላጣችውም።

«አምስት ነጥብ» አለ መዝጋቢው፣ የመሃሉን ቆጥሮ።

«የኔ የጠርዙ ነው፤ ሁለት ነጥብ!»

«ዒላማሽ ላይ ሁለት ካረፈ ከፍተኛው ይያዝልሻል። ደንቡ ምርጫ አይሰጥም።»

ከጎኗ በሆዱ የተኛው ሜጀር ፐርቪስ ሳቀ። ተሳስቶ የእርሷን ዒላማ የመታው እርሱ ነበር። «በይ እንግዲህ የኔ ልጅ፣ በመጀመሪያ ውድድርሽ ለነገው ዙር አሳለፍኩሽ! ጀማሪ ደግሞ እንዲህ ካልተደገፈ የት ይደርሳል?»

ኢሞጀን በንዴት ጠመንጃዋን አጎረሰች። የቀራት አንድ ጥይት ነው፤ አሁን መሃሉን ከመታች ታልፋለች፤ ያለ እርሱ ሦስት ትርፍ ነጥብ ግን በምንም አታልፍም። ክረምቱን ሙሉ በብርድ የተለማመደችው ለነገው ዙር ነበር። የማነጣጠሪያውን ብሎን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረችው።

«ኧረ ምን ነካሽ? ነፋሱ እኮ ቆሟል!» አለ ሜጀሩ።

ትንፋሿን ያዘችና ተኮሰች። ዒላማው ወረደ፤ ሲመለስ ምልክቱ በግራ ጠርዙ ላይ ነበር።

«ሁለት» አለ መዝጋቢው።

ሜጀሩ በመነጽሩ አየ፤ ሳቁ ጠፋ። «ሆን ብለሽ ነው።»

«ሦስት ነጥብዎን ይውሰዱ» አለችው፤ የነጥብ ካርዷንም ከመዝጋቢው እጅ መንጭቃ፣ ብዕሩ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ፈረመችበት።