ቀዩ ሲበራ

ሎርና ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ስትስብ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን አረንጓዴ በራች። የግዛቲቱ ምክር ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፤ አረንጓዴ ሲሆን ተናገር፣ ቢጫ ሲሆን ቋጭ፣ ቀይ ሲሆን ዝም በል ነው። ከኋላዋ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ልጇ ኦረን ያንን ማለቂያ የሌለው እንጉርጉሮውን ያንጎራጉራል። ቃልም ዜማም የለውም፤ እሷ ግን እሱን እስከሰማች ድረስ ልቧ ያርፋል።

«ለመዝገብ ያህል ስምዎን ይንገሩን» አለች ሰብሳቢዋ ሴናተር ፕሩዊት። «ረቂቁን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?»

«ሎርና ቪስነር እባላለሁ። እቃወማለሁ።»

ረቂቁ የባህርይ ባለሙያዎችን የሚመለከት ነው። እንደ ኦረን ያሉ አፍ ያልፈቱ ልጆችን የሚያሠለጥኑት እነዚህ ሰዎች እስከ ዛሬ በሥነ ልቦና ሐኪሞች ቦርድ ጥላ ሥር ናቸው፤ ቦርዱ ደግሞ መኖራቸውንም ረስቷል። አሁን ራሱን የቻለ ቦርድ ይቋቋምላቸው ተባለ። ፈቃድ የሚሰጥና የሚነጥቅ፣ አቤቱታ የሚሰማ፣ ሳይጠራም ሄዶ በር የሚያንኳኳ።

«ለፀጉር ቆራጭ ቦርድ አለን፤ ለቀብር አስፈጻሚም ቦርድ አለን» አለ ከጥግ አንድ ከብት አርቢ ሽማግሌ ሴናተር። «ከርሞ ደግሞ ላሞቼ ‘እኛስ?’ ብለው እዚህ ይሰለፋሉ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሎርናም ሳቀች፤ ሳቁ ድፍረት ሰጣት።

«ልጄ ትንሽ እያለ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጭ ነበር» አለች። «ሲጮህ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብኝ ነበር። አባቱም ጥሎን ሄደ፤ አልፈርድበትም። ከዚያ የባህርይ ባለሙያው ግሌን መጣ። በረዶ ከጣለ ጀምሮ እስኪቀልጥ ድረስ፣ ከቤታችን ሥር ባለችው ክፍል በር ዘግቶ ከኦረን ጋር ሠራ። ለፋሲካ ልጄ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቁጭ አለ። ዝም ብሎ ቁጭ! ያን ቀን እንዴት እንዳለቀስኩ!»

ግሌን መጨረሻው ረድፍ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት በዚያ ሁሉ በረዶ ነድቶ ያመጣቸው እሱ ነው። ነይና ተናገሪልኝ ያላትም እሱ ነው፤ እሺ ስትለው «ጎበዝ፣ ሎርና» አላት፣ እሷም እንደ ተማሪ ደስ አላት። ከተማው መግቢያ ላይ የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው ኦረን ከኋላ ፀጥ ብሎ ነበር። መብራቱ ሲለቃቸው ግሌን በመስተዋቱ አየውና «ጎበዝ» አለው። አይ፣ ዛሬም ይወደዋል፣ ብላ አሰበች ሎርና።

«አሁን በየቤቱ ተቆጣጣሪ የሚልክ ቦርድ ከመጣ፣ እንደ ግሌን ያለ ሰው እኛ ገጠር ድረስ ለምን ይለፋል?» ቢጫው በራ። ፈጠነች። «በሩን ዘግቶ ነው የሠራው፤ አምኜዋለሁ። ደግሞም አልተሳሳትኩም።»

ቀዩ በራ።

እንጉርጉሮው ተቋረጠ።

ሎርናን መጀመሪያ የተሰማት ኩራት ነው። «ይኸው፣ ዝምታውን ስሙት» አለች። ሴናተሮቹ ግን እሷን አያዩም። በትከሻዋ ላይ አሻግረው ነው የሚያዩት፤ ያ ቀልደኛ ሽማግሌም አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል። ዞረች።

ኦረን ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ቀብሮ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ሳጥኗ ላይ ተክሏል። ጢም ያበቀለ፣ ከእናቱ በራስ የሚበልጥ ሰው ነው፤ አቀማመጡ ግን የሕፃን ነው። ደረቱ አይንቀሳቀስም።

«ኦረን? ተንፍስ እንጂ፣ የኔ ጌታ!»

አልተነፈሰም። ጉንጩን ያዘችው፤ አላያትም። የከንፈሩ ዙሪያ እየጠቆረ መጣ።

«መብራቱን አጥፉት!» ብላ ሰብሳቢዋ ጮኸች። ፀሐፊው ገመዱን ነቀለ፤ ሳጥኗ ጠፋች። ኦረን ግን እንደዚያው ነው። ሎርና የገና ዛፋቸው ትዝ አላት፤ ዓይኑን ያመዋል ብላ ቀያዮቹን አምፖሎች አንድ በአንድ ነቅላ ጥላለች። ግሌን ዘግቶ ሲሠራ ከታችኛው ክፍል በር ሥር ይወጣ የነበረው ቀይ ብርሃንም ትዝ አላት። ለልጇ ማሞቂያ ያመጣለት መስሏት ነበር፤ እግዜር ይስጥህ ብላውም ነበር።

ከዚያ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ድምፅ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ «ጎበዝ» አለ።

ኦረን ተነፈሰ። ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየሩን ጎተተ፣ አሳለው፣ ደግሞ ጎተተ። ከዚያ እንጉርጉሮውን ካቆመበት ቀጠለ።

ሎርና ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ተቀመጠች። ገዛ ቤቷ አስጠላት፤ ያ በር፣ ደረጃው፣ እሷ ፎቅ ላይ ሆና በሰላም ሻይ የጠጣችበት ወንበር።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ቅድም ያልኩትን ይሰርዙልኝ።»

«ምን ብለን እንጻፍ፣ ወይዘሮ ቪስነር?»

«እደግፋለሁ። ቦርዱ ይቋቋም። በሩን የሚያንኳኳ ሰው ይኑር።»

ከኋላ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ።

«ሎርና» አለ ግሌን፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

አልዞረችም። የጠፋችውን ሳጥን እያየች ተቀመጠች። ኦረን ያንጎራጉራል። እጆቿ ከጭኖቿ ሥር መግባታቸውን፣ እስትንፋሷንም ይዛ ያቺን አንዲት ቃል እየጠበቀች መሆኗን ያወቀችው ጥቂት ቆይታ ነው።