አውሎ ነፋስ የማይደርስባት ደሴት

«ቡታጅራን ከዳር እስከ ዳር ብታስሱ እንደ እኔ ባሕር የሚያውቅ ሰው አታገኙም!» አለች ጠይባ። ሐጂ ሀያቱ የጠየቋት ወንድሟ ሽፋ ያለበት አገር እንዴት ያለ እንደሆነ ብቻ ነበር። ባሕር አይታ አታውቅም። በዕድሜዋ ያየችው ትልቁ ውሃ የአረ ሸይጣን ሐይቅ ነው፤ እሱንም ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆና፣ እናቷ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛት።

እንግዶቹ የመጡት ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ሐጂ ፊት፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ኋላ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ መርካቶ የሚነግደው የአክስቷ ልጅ ሰይዶ። አረፋ ሊደርስ ገና ሳምንት ይቀራል፤ ሰይዶ ደግሞ ከአረፋ ዋዜማ በፊት ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አያውቅም። ጠይባ እጁን አየች፤ ባዶ ነው።

«ዘንድሮ ሽቶዬን ሸጥከው እንዴ?» አለችው።

እናቷ ሀሊሜ ምድጃው አጠገብ ቆጮ እየከተፈች ነበር። ሐጂ ሲገቡ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሀሊሜ» ነው ያሏት። ሌላ ቀን የሚጠሯት «የሽፋ እናት» ብለው ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት በበኩር ልጇ ስም ነው። ሀሊሜ ሰላምታውን ስትመልስ ቢላዋዋ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ጠይባ ግን የሐጂ እርጅና ነው ብላ አለፈችው።

«ሁለት ደሴቶች አሉ፣ ሐጂ» አለች። ከምድጃው ዳር ሁለት የጠፉ ከሰሎች አንስታ ጅባው ምንጣፍ ላይ አራርቃ አስቀመጠች። ምንጣፉ ጠቆረ፤ እናቷ አልተቆጣችም። «ይቺ ሲሼልስ ናት፣ የእንግሊዝ። ይሄኛው ሬዩንዮን ነው፣ የፈረንሳይ። የኛ ሽፋ እዚህ ሲሼልስ ነው ያለው። የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል፣ ይዘንባል፣ አለቀ። ተራራዎቿንማ የኛ ዘቢዳር ቢያያቸው ይስቃል። ሬዩንዮን ግን ወደ ደቡብ ራቅ ይላል። ተራራው ሰማይ ጠቀስ ነው፤ እላይ እንደ አረቅጥ ይበርዳል፤ እሳት የሚተፋም ጉድጓድ አለው። ባንድ ጎኑ ዝናቡ አያባራም፣ በሌላው ጎኑ እንደ ማረቆ ይደርቃል።»

«ነፋስስ?» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ይህንን ነበር የምትጠብቀው። «ከታህሣሥ እስከ መጋቢት አውሎ ነፋስ ሬዩንዮንን ይገርፈዋል። ቤት ይነቅላል፣ መርከብ ይገለብጣል። ሲሼልስ ግን አይደርስም! መምህራችን ጋሽ ካሳሁን ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ካርታውን ሰቅለው ነው ያሳዩን። እማ፣ ብዬሽ የለ?»

ብላታለች። ሽፋ በጅቡቲ በኩል ተሻግሮ ሲሼልስ ወደብ ሥራ ከያዘ ወዲህ፣ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ሀሊሜ ከእንቅልፏ ትባንናለች። ጠይባ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና «ተኚ እማ፣ እሱ ጋ አይደርስም» ትላታለች። ሀሊሜም አምና ትተኛለች። ሁለት ክረምት እንዲህ ነው ያለፈው።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከባድ ነገር ሲይዙ ከሩቅ ነው የሚነሱት፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ መንገድ እያሉ። ጠይባ ግን ፈተና ላይ የተቀመጠች መሰላት፤ ደግሞም እያለፈች ነበር።

«ሰው ካንዱ ወዳንዱ ይሻገራል ወይ፣ ልጄ?»

«ይሻገራል እንጂ። መርከቦች ስኳር ሊጭኑ ይሄዳሉ። ሩቅ ነው ታዲያ፣ ከዚህ አስመራ ይበልጣል። ለነገሩ ሽፋ እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል? እሱ ወደብ ላይ ጆንያ ነው የሚሸከመው።»

ሰይዶ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «አንዱ የስኳር መርከብ ሰው ጎደለውና ወሰዱት» አለ፣ ከጅባው ጋር የሚነጋገር ይመስል።

«መቼ?»

«ታህሣሥ ላይ።»

የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

ጠይባ በሩን አየች። ጎረቤታቸው እትዬ ሳሌሃ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች አሉ። ማንም አልገባም፣ ማንም «እንዴት አደራችሁ» አላለም። ጠይባ ዝም ካለች አንድ ነገር ዘው ብሎ የሚገባ መሰላት፤ ስለዚህ ዝም አላለችም።

«ታህሣሥ ሲባል ታህሣሥ ሁሉ ነፋስ አይደለም እኮ» አለች። «አንዳንድ ዓመት በሩቁ ያልፋል። ደግሞ ተራራ አለ አላልኳችሁም? በምዕራብ በኩል ከሆኑ ተራራው ይከልላቸዋል። መርከቡ በየት በኩል ነበር፣ ሰይዶ? በምዕራብ ነው፣ አይደል? በምዕራብ ከሆነ ችግር የለም። ሐጂ፣ ሌላም ይጠይቁኝ፤ ሌላም አውቃለሁ። ስለ ሸንኮራው ልንገርዎት? ስለ...»

ሰይዶ ፊቱን በኮቱ ሸፈነ። ሐጂ ለዱዓ እጃቸውን ከፍ አደረጉና፣ ገና የሚቀድም ነገር እንዳለ ሁሉ መልሰው ጉልበታቸው ላይ ጣሏቸው።

ሀሊሜ ቢላዋውን ከጎኗ አስቀመጠች። እጇ ላይ የተጣበቀውን ቆጮ በቀስታ ጠረገች። አላለቀሰችም። ልጇን ብቻ ቀና ብላ አየቻት።

«ዝም በይ አንቺ» አለቻት። «ሞቷል እኮ ነው የሚሉሽ።»